ሦስቱ የመንግሥት ሥልጣናትና «አይሆንም» የሚለው ቃል



ስለ መንግሥት አቋም ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገሮች ይጻፋሉ፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ተማሪው እነዚህን በደብተሩ ገልብጦ፣ ለያንዳንዳቸው የአንድ መስመር ትርጓሜ ጨምሮ፣ ለፈተና በቃሉ ይይዛቸዋል። ፈተናውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም። ዳሩ ግን ይህን ብቻ ያወቀ ተማሪ ስለ ሥልጣን ክፍፍል ገና ምንም አላወቀም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስት ክፍል ያለው ቤት ሁሉ ሦስት ባለቤት አለው ማለት አይደለምና። ሦስቱንም ክፍሎች አንድ ሰው በአንድ ቁልፍ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ከሆነ፣ በመካከል የቆመው ግድግዳ ለዓይን ብቻ ነው።

ተማሪው እንዲጠይቅ ሊለመድ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም፣ ከሦስቱ አንዱ ሌላውን «አይሆንም» ያለው እንደ ሆነ ምን ይከተላል? የተባለው ይታዘዛልን? ያለውስ በማግስቱ በወንበሩ ላይ ይገኛልን? ደመወዙንስ የሚቈርጥለት ማን ነው? የሥልጣን ሚዛን የሚታወቀው በእነዚህ ጥያቄዎች እንጂ በክፍሎቹ ቍጥር አይደለም።

ሐሳቡን በመጽሐፍ አስፍቶ የጻፈው ሞንቴስኪዬ የተባለው ፈረንሳዊ፣ ራሱ በቦርዶ ከተማ በዳኝነት ያገለገለ ሰው ነበር። «የሕጎች መንፈስ» የተባለው መጽሐፉ የታተመው በ1748 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ነው። የመከረውም በአጭሩ፣ ሥልጣንን የሚገታ ሌላ ሥልጣን ካልተቀመጠ በቀር የሰው ነጻነት ዋስትና የለውም የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሰው ይህን ከፈረንጅ መማር አላስፈለገውም የሚሉ አሉ፤ እውነትም ለፍርድ ያለው አክብሮት የቈየ ነው። መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ባላጋራውን ያቆም ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች የሚለውም አባባል ከብዙ ድርሳን የሚበልጥ ቁም ነገር አለበት። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ በሌላ አፉ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይል ነበር። ሕግ የሚያወጣውም፣ ሹም የሚሾመውም፣ በመጨረሻ በዙፋን ችሎት ተቀምጦ የሚፈርደውም አንዱ ንጉሠ ነገሥት ስለ ነበር፣ ከዙፋን ችሎት ወዲያ ይግባኝ የሚባልበት ስፍራ አልነበረም። ፍርድን መውደድና ገዢን በፍርድ መግታት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በደቡብ በኩል ጎረቤት የሆነችው ኬንያ ከነጻነት ወዲህ ባለው ዘመን ሚዛኑን አንድ ጊዜ አፍርሳ፣ ከብዙ ጉዳት በኋላ እንደ ገና ለመሥራት የጣረች አገር ናት። ከዚህ ቀጥሎ ስለ ኬንያ የሚጠቀሱት ዘመናት በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠቀሱት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ኬንያ በዲሴምበር 12 ቀን 1963 ነጻ ስትወጣ የተቀበለችው ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በብዙ እጅ የበታተነ ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩ፤ ክፍለ አገሮቹም የየራሳቸው ሸንጎ ነበራቸው። በ1964 አገሪቱ ሪፑብሊክ ሆና ሥልጣኑ በፕሬዚዳንቱ ዘንድ ተጠቃለለ። በ1966 ሴኔቱ ከታችኛው ምክር ቤት ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። በ1982 ከገዢው ፓርቲ በቀር ሌላ ፓርቲ እንዳይኖር በሕግ ተደነገገ። በ1986 የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉና የዋናው የሒሳብ ተቈጣጣሪ የሥራ ዋስትና ተነሣ። በ1988 ደግሞ ነገሩ ወደ ዳኞቹ ደረሰ፤ የከፍተኛውና የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዳኞች እስከ ጡረታ ዕድሜያቸው በወንበራቸው እንዲቆዩ የሚጠብቃቸው ሕግ ተሻረ። በዚያው ማሻሻያ ፖሊስ በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል የተጠረጠረን ሰው ለፍርድ ቤት ሳያቀርብ የሚያቆይበት ጊዜ ከ24 ሰዓት ወደ 14 ቀን ከፍ አለ።

እዚህ ላይ መምህሩ ቆም ሊል ይገባዋል። ይህ ሁሉ የተደረገው በጦር ኃይል አይደለም። መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ሕገ መንግሥቱን የቀደደ መኰንን የለም። እያንዳንዱ ማሻሻያ በምክር ቤት ቀርቦ፣ እጅ ወጥቶበት፣ በሕጋዊ ጋዜጣ ታትሞ የወጣ ነው። ሦስቱ የመንግሥት ክፍሎችም ከ1963 እስከ 1990 አንድ ቀን እንኳ ስማቸው ከወረቀት አልጠፋም፤ ፓርላማው ይሰበሰብ፣ ዳኛው በካባው ይቀመጥ ነበር። የጐደለው ክፍሎቹን ከአንዱ ቁልፍ ያዥ የሚያድን መቀርቀሪያ ነበር፤ መቀርቀሪያውን የነቀለውም የፓርላማው የገዛ እጅ ነው። ለዳኞቹ የሥራ ዋስትና የተመለሰላቸው በ1990፣ ሌሎች ፓርቲዎችም የተፈቀዱት በ1991 መጨረሻ ነው።

ዋስትናው ይመለስ እንጂ እምነቱ ግን አልተመለሰም። በዲሴምበር 2007 የተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በተነገረበት ዕለት፣ ፕሬዚዳንቱ በዚያው ምሽት በጠቅላይ ዳኛው ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ተሸነፍክ የተባለው ወገን ክርክሩን ወደ ፍርድ ቤት ይወስድ ዘንድ ሲነገረው፣ ዳኞቹን አላምንም ብሎ እምቢ አለ። ክርክሩም በየመንገዱና በየመንደሩ ሆነ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ስለ ዳኞች የሥራ ዋስትና የሚነገረው ነገር ለሕግ ሰዎች ብቻ የሚመች ደረቅ ጉዳይ የሚመስለው ተማሪ ቢኖር፣ ይህ ቍጥር ይነገረው። ሰው ወደ ችሎት የሚሄደው ዳኛው «አይሆንም» ሊል ይችላል ብሎ ሲያምን ነው።

ከዚያ መከራ የወጣው አዲሱ ሕገ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ጸድቆ ኦገስት 27 ቀን 2010 ታወጀ። ስለ መብት የሚናገረው ክፍሉ ብዙ ጊዜ ይመሰገናል፤ ለዚህ ንግግር የሚያስፈልገው ግን ስለ ሹመትና ስለ ጊዜ የሚናገረው ነው። ሚኒስትሮች የፓርላማ አባሎች እንዳይሆኑ ተከለከለ። ዳኞችን አወዳድሮ የሚመርጥ የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በኮሚሽኑም ውስጥ ዳኞች ራሳቸው የመረጧቸው ዳኞች፣ ጠበቆች የመረጧቸው ጠበቆች፣ ከሕዝብም የተወከሉ ሰዎች ይቀመጣሉ። ፕሬዚዳንቱ የሚሾሙት ኮሚሽኑ ያቀረበውን ነው። ዳኛን ከሥራ ለማውጣት የተለየ ሸንጎ ተቋቁሞ ነገሩን መመርመር አለበት። ሰባት ዳኞች ያሉት አዲስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሠረተ፤ በፕሬዚዳንት ምርጫ ላይ ክስ ቢቀርብም በ14 ቀን ውስጥ ፍርዱን እንዲሰጥ ታዘዘ። አሥራ አራት ቀን አጭር ነው ብለው የሚነቅፉ የሕግ ሰዎች አሉ፤ ነቀፋቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም በ2007 ምሽት ላይ የተፈጸመውን ቃለ መሐላ ያየ ሕዝብ፣ ከመሐላው በፊት አሥራ አራት ቀን ማግኘቱን እንደ ትልቅ ነገር ቈጠረው።

አሁን ለመምህራን ወደሚቀርበው ጉዳይ እንለፍ፤ ይህም የደመወዝ ጉዳይ ነው።

የኬንያ መምህራን ከመንግሥታቸው ጋር በደመወዝ የተከራከሩት ለብዙ ዓመታት ነው። ጁን 30 ቀን 2015 የሥራ ክርክር የሚሰማው ፍርድ ቤት ለመምህራኑ ከመቶ 50 እስከ 60 የሚደርስ ጭማሪ እንዲከፈላቸው ፈረደ። ደስታው ትልቅ ነበር። ነገር ግን ፍርዱ ከተጻፈ በኋላ የወሩ መጨረሻ መጣ፤ ገንዘቡ አልመጣም። መንግሥት ይግባኝ አለ፤ ፍርዱም እንዲታገድለት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ጠየቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መለሰው። እንዲህም ሆኖ ክፍያው አልተፈጸመም። መምህራኑ በዓመቱ ሦስተኛ የትምህርት ጊዜ መግቢያ ላይ ሥራ አቆሙ። ፕሬዚዳንቱም ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር፣ ይህን ያህል ደመወዝ ለመክፈል አገሪቱ አቅም የላትም ብለው ቍርጡን ተናገሩ። ትምህርት ቤቶች ለሳምንታት ተዘጉ፤ ከተፈታኞቹ በቀር ልጆቹ ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ።

ይህን ታሪክ የሚሰማ መምህር ልቡ ወዴት እንደሚያደላ ግልጥ ነው። ነገር ግን ለሚዛኑ ትምህርት ሲባል ሁለቱንም ወገን መመልከት ያስፈልጋል። ዳኛ ጦር የለውም፤ የገንዘብ ሣጥኑም በእጁ አይደለም። የአገሩን ገንዘብ የሚመድበው በሕዝብ የተመረጠው ምክር ቤት ነው፤ አስፈጻሚው ያቅዳል፣ ምክር ቤቱ ይፈቅዳል። እንግዲህ አንድ ዳኛ በብዙ ቢሊዮን ሺሊንግ የሚቈጠር ወጪ በፍርድ ሲያዝዝ፣ ፍርድ መስጠቱ ነው ወይስ በጀት ማውጣቱ? በኖቬምበር 6 ቀን 2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የታችኛውን ፍርድ ሻረ፤ ዳኛው ሕጉ ለደመወዝ ድርድር ካስቀመጠው መንገድ ወጥቷል አለ። መምህራኑ አዘኑ፤ ወደ ድርድር ጠረጴዛም ተመለሱ፤ በ2016 ከመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ጋር ስምምነት ተፈራርመው ጭማሪው ከጁላይ 2017 ጀምሮ መከፈል ጀመረ። ያነሰ ነበር፤ ግን ተከፈለ።

በሌላ በኩል፣ ፍርዱ ተሽሯል ማለት አስፈጻሚው አልከፍልም ማለቱ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ከጁን እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት ፍርዱ የጸና ነበር። ፍርድ ስሕተት ነው ተብሎ የሚቀረው በይግባኝ እንጂ ባለዕዳው በሚያደርገው ንግግር አይደለም። በዚህ ረገድ በ2015 ሁለት ጥፋት ታየ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ፍርድ ቤት ከደንበሩ ወጣ፤ አስፈጻሚውም የራሱን ደንበር ተላለፈ። የመጀመሪያው ጥፋት በሕግ መንገድ ታረመ፤ የሁለተኛው ዋጋ ግን በተማሪዎቹ ላይ ወደቀ።

የገንዘብ ሣጥኑ ቁልፍ የምክር ቤት ነው ከተባለ፣ ምክር ቤቱ ራሱ ሥራውን ካልሠራስ? ጁን 25 ቀን 2024 የኬንያ ብሔራዊ ምክር ቤት ብዙ አዲስ ግብር የሚጥል ሕግ አጸደቀ። ከዚያ በፊት ለሳምንት ያህል፣ አብዛኞቹ ወጣቶች የሆኑ ሰዎች አደባባይ ወጥተው ይቃወሙ ነበር። ድምፅ በተሰጠበት ቀን የተቈጣው ሕዝብ የፓርላማውን ግቢ ጥሶ ገባ፤ ፖሊስም ተኵሶ ብዙ ሰው ሞተ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን አልፈርምም ብለው መለሱት። ነገሩ ከላይ ሲታይ አስፈጻሚው ሕግ አውጪውን የገታ ይመስላል። በእውነቱ ግን ሕጉን ያረቀቀው አስፈጻሚው ራሱ ነበር፤ «አይሆንም» ይል ዘንድ ደመወዝ የሚከፈለው ምክር ቤት ሳይል ስለ ቀረ፣ ቃሉን የተናገረው መንገድ ላይ የወጣው ልጅ ነው፤ በሕይወቱም ከፈለ።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የ2017 ምርጫ ነው።

ኦገስት 8 ቀን 2017 ምርጫ ተደርጎ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ከመቶ 54 ድምፅ አግኝተው አሸነፉ ተባለ። ከውጭ የመጡት ታዛቢዎች በጠቅላላው የድምፅ አሰጣጡን አመሰገኑ። ተቃዋሚው አቶ ራይላ ኦዲንጋ ግን በዚህ ጊዜ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ የምርጫ ኮሚሽኑን፣ ውጤቱ የተላለፈበትን የኮምፒዩተር ሰርቨር ለምርመራ እንዲከፍት አዘዘው፤ ኮሚሽኑ ትእዛዙን በሚገባ ሳይፈጽም ቀረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ በጠቅላይ ዳኛው በዴቪድ ማራጋ መሪነት ከተቀመጡት ስድስት ዳኞች አራቱ ምርጫው በሕገ መንግሥቱና በሕጉ መሠረት አልተካሄደም፣ ስለዚህ ፈራሽ ነው ብለው ፈረዱ። ሁለቱ ተቃወሙ። በአፍሪካ ምድር በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበት ምርጫ በፍርድ ሲፈርስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2020፣ የማላዊ ዳኞች ተመሳሳይ ፍርድ ሰጡ፤ በዚያም በድጋሚው ምርጫ ሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ተሸንፈው ወረዱ።

ስለዚህ ፍርድ ሲነገር የዳኞቹ ድፍረት ይነሣል፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ድፍረት ብቻውን ነገሩን አያስረዳም። በ1988ም ደፋር ዳኞች ነበሩ። በ2017 የተለየው ነገር፣ ዳኛው በማግስቱ ከወንበሩ ሊነሣ አለመቻሉ፣ ክሱ የሚሰማበት ቀን በሕግ መቈረጡ፣ ፍርዱ ከተሰጠ በኋላም በ60 ቀን ውስጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ መጻፉ ነው። ሁለተኛው ነገር ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከሥራው አለመዝለሉ ነው። አሸናፊው እገሌ ነው አላለም፤ ሕዝቡ እንደ ገና ይምረጥ አለ እንጂ። ዳኛ ምርጫን ሊያፈርስ ይችላል፤ ሊመርጥ ግን አይችልም። ይህች ደንበር ለተማሪ በብዙ መስመር ልታሠመርለት የሚገባት ናት።

ፕሬዚዳንቱ በዚያው ቀን፣ በፍርዱ አልስማማም፣ ነገር ግን አከብረዋለሁ ብለው ተናገሩ። ይህ ንግግር በራሱ ለአህጉሩ ትምህርት የሚሆን ነበር። ወዲያው ግን በሕዝብ ስብሰባ ዳኞቹን በከባድ ቃል ዘለፉ፤ ከተመረጥን በኋላ ወደ ፍርድ ቤቱ እንመለስበታለን የሚል ማስፈራሪያም ጨመሩ። ኦክቶበር 24 ቀን የምክትል ጠቅላይ ዳኛዋ ሾፌር በጥይት ተመታ። በማግስቱ ድጋሚው ምርጫ ይቈይ የሚል አቤቱታ ሊሰማ ሲል፣ በችሎቱ የተገኙት ጠቅላይ ዳኛውና አንድ ሌላ ዳኛ ብቻ ሆኑ። ሕጉ የሚፈልገው ቢያንስ አምስት ስለ ነበር ጉዳዩ ሳይሰማ ቀረ። ኦክቶበር 26 ምርጫው ተደረገ፤ ኦዲንጋ ራሳቸውን አግልለው ስለ ነበር ፕሬዚዳንቱ ከመቶ 98 ድምፅ አገኙ። ይህን ሁለተኛውን ምርጫ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ስለ ኬንያ ፍርድ ቤት የሚጻፉ ምስጋናዎች አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 1 ላይ ያቆማሉ፤ ኦክቶበር 25 ቀን ባዶውን ያዩትን ወንበሮች ግን ተማሪው ማየት አለበት። ሕጉ አልተለወጠም፤ ዳኛ ከሥራው አልወጣም፤ ችሎቱ ግን አልተሟላም።

ከኬንያው ጉዳይ ጋር በማነጻጸር የኢትዮጵያን ሥርዐት መመልከት ይጠቅማል። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን አቋቋመ፤ ሁለቱም ከንጉሠ ነገሥቱና ከመኳንንቱ ፈቃድ የወጡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን አባሎች ሕዝብ እንዲመርጣቸው አደረገ፤ ዳኞችም በፍርድ ሥራቸው ነጻ ናቸው አለ። ነገር ግን የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባሎች፣ ሚኒስትሮቹንም፣ ዳኞቹንም የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ ቁልፉ በአንድ እጅ እንዳለ ቀረ። የ1980ው ሕገ መንግሥት ደግሞ ሥልጣንን መከፋፈሉን ከመሠረቱ ትቶ ሁሉን ከብሔራዊ ሸንጎው በታች አደረገ፤ ከሸንጎው በላይ የነበረው ማን እንደ ሆነ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዳኞች ነጻ መሆናቸውን፣ ከጡረታ ዕድሜያቸው በፊትም ያለ በቂ ምክንያት እንደማይነሡ ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጐም ሥልጣን ግን የሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ምክንያቱም ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለ ሆነ፣ ቃል ኪዳኑን የሚተረጕሙት ባለቤቶቹ እንጂ ጥቂት ዳኞች ሊሆኑ አይገባም የሚል ነው። ይህ አሳብ በቸልታ የሚጣል አይደለም፤ ያልተመረጡ ዳኞች በሕዝብ ምርጫ ላይ የበላይ መሆናቸው የሚያሳስባቸው የሕግ ሊቃውንት በሌላውም ዓለም አሉ። ፈተናው የመጣው በ2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው በጊዜው ሊደረግ ስላልቻለ፣ የምክር ቤቶቹ ዘመን ሲያልቅ ማን እንደሚያስተዳድር ሕገ መንግሥቱ በግልጥ አይናገርም ተብሎ ለትርጓሜ ቀረበ። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ የሕግ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን በይፋ ሰማ፤ ሕዝብም ስለ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ክርክር በቤቱ ተቀምጦ ሲከታተል ያልተለመደ ነገር ነበር። ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምክር ቤቶቹ ዘመን እንዲራዘም ወሰነ። ከተራዘመው ዘመን ውስጥ የራሱ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዘመን ነበረበት።

ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለጊዜው ወደ ጎን ማድረግ ይቻላል። በወረርሽኝ መካከል ምርጫ ይደረግ ማለትም ቀላል አይደለም። መምህሩ ለተማሪው ሊያሳየው የሚገባው የወንበሩን አቀማመጥ ነው፤ የሰውዬው ማንነት ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ በገዛ ጉዳዩ የተቀመጠ ዳኛ ተሸናፊውን ወገን በፍርድ አሳምኖ ሊሸኝ ይቸግረዋል። የትግራይ ክልል መስተዳድርም ውሳኔውን አልቀበልም ብሎ የራሱን ምርጫ አደረገ፤ ከዚያ የተከተለው ጦርነት ብዙ ምክንያቶች ያሉት ስለ ሆነ በዚህ አንድ ነገር ብቻ መተርጐም ስሕተት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ተስማምተው የሚሄዱበት ችሎት አለመገኘቱ የታወቀ ነው።

ስለዚህ በከፍተኛ ክፍሎች የሚያስተምር መምህር የኢትዮጵያን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62፣ 83ና 84ን፣ የኬንያን ደግሞ አንቀጽ 140ና 163ን ጎን ለጎን አስቀምጦ ተማሪዎቹን ቢያከራክር፣ ከሃያ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ይጠቅማቸዋል። ክርክሩ የትኛው አገር ይሻላል በሚል እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ያ ወደ እልክ ይወስዳል። ሹመቱ ከየት መጣ፣ በጀቱን ማን ያዘ፣ ሥራውስ በማን ትእዛዝ ይቋረጣል እያሉ ቢመረምሩ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንኳ መልሱን ከጽሑፉ ያገኘዋል። ማስተማሪያ መጽሐፉ ስለ ሞንቴስኪዬ አንድ ገጽ ሰጥቶ ስለ ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አንድ መስመር ብቻ የሰጠ እንደ ሆነ፣ ጉድለቱን መምህሩ ይሙላው።

ስለ ኬንያ የሚቀር አንድ ነገር አለ። የዳኝነት ኮሚሽኑ በ2019 አርባ አንድ ሰዎችን ለዳኝነት መርጦ ለፕሬዚዳንቱ ላከ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ የቀረበላቸውን እንዲሾሙ እንጂ እንዲመርጡ አይፈቅድም፤ ፍርድ ቤትም እንዲሁ ብሎ ፈረደ። ፕሬዚዳንቱ ግን ስለ አንዳንዶቹ መጥፎ መረጃ ደርሶኛል ብለው ዝርዝሩን ሁለት ዓመት ያህል ያዙት። በሜይ 2021 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ፕሬዚዳንቱ ይደግፉት የነበረውን ሕገ መንግሥቱን የማሻሻል ውጥን ከሕግ ውጪ ነው ብሎ አገደው፤ ከፈረዱትም አምስት ዳኞች ሁለቱ በዚያ ዝርዝር ላይ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከታጩት መካከል ነበሩ። በሚቀጥለው ወር ፕሬዚዳንቱ 34ቱን ሾሙ፤ ስድስቱን ተዉ። ሁለቱም ዳኞች ከስድስቱ ውስጥ ነበሩ። በማርች 31 ቀን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአንዳንድ ነገር ከታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ቢለይም፣ ፕሬዚዳንት በሕዝብ አነሣሽነት ስም ሕገ መንግሥት ሊያሻሽል አይችልም የሚለውን አጸና። ስድስቱ ዳኞች ግን ያኔም አልተሾሙም፤ በቀድሞ ወንበራቸው ተቀምጠው የዕለት ነገራቸውን ይሰሙ ነበር። በሴፕቴምበር 2022 አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ በፈጸሙበት ቀን የሹመታቸውን ወረቀት ፈረሙ፤ ስድስቱም በማግስቱ ማሉ።